ነፍስ ያለው ልጅ ስለምትወልደው ትንሽ ዓሣ፤ በቤት ስለ አጠባበቋና ወደ ወንዝ ስላለመልቀቋ

ዓሣ ሁሉ ዕንቁላል ይጥላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የሚበዙት ዓሣዎች በእውነት እንደዚያ ናቸው፤ በጣና ወይም በዝዋይ መረብ የሚጥል ሰው ካወጣው ዓሣ ሆድ ውስጥ ዕንቁላሉን እንጂ ልጁን አያገኝም። የእኛ ቆሮሶ እንኳ ልጆቿን ከአፏ ስታወጣ የሚያዩ ሰዎች ወለደች ቢሉም፥ እርሷ የጣለችውን ዕንቁላል በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈል ድረስ ትጠብቀዋለች እንጂ አልወለደችም። ነገር ግን በአሜሪካ ሙቅ አገሮች፥ ይልቁንም በሜክሲኮ፥ በመካከለኛው አሜሪካና በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፥ ዕንቁላላቸውን ከሆዳቸው ሳያወጡ በዚያው አቆይተው፥ ልጁ ዓይኑ በርቶ፥ ክንፉ ተዘርግቶ፥ ራሱን ችሎ መዋኘት ሲችል የሚወልዱ የዓሣ ወገኖች አሉ። ከነዚህም ውስጥ ጋፒ፥ ሞሊ፥ ፕላቲና ባለ ሰይፍ ጅራት የሚባሉት አራቱ፥ አኳሪዩም በሚሉት የመስተዋት ገንዳ ለዓይን ደስታ ከሚጠበቁት ዓሣዎች መካከል በዓለም ሁሉ እጅግ የታወቁ ናቸው።

ስለ እህልና ስለ ከብት ሊናገር የሚገባው የእርሻ ጽሑፍ ስለ ቤት ጌጥ መናገሩ ለምንድር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ እነዚህን ዓሣዎች በከተማ በየቤቱና በየሆቴሉ የሚያኖሩ ሰዎች አሉና፥ ጠባያቸውን ባለማወቅ ብዙው በከንቱ ይሞታል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን ሹማምንቱን ይነካል። ወባ ባለበት ቆላ አገር፥ አንድ ቅን ሰው ወደ አገር ገዢው ወይም ወደ ወረዳው ሹም ቀርቦ፥ «ይህች ዓሣ የቢምቢ ትል ትበላለችና በኩሬያችንና በመስኖ ቦያችን እንልቀቃት፤ ፈቃድ ይሰጠን» ብሎ የሚለምንበት ቀን ይመጣል። ሹሙም መልሱን ከመስጠቱ በፊት የዓሣዋን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል፤ ይህም ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው በመስተዋቱ ገንዳ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአራቱ ወገኖች ጋፒን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ከሁሉም ትንሿና ለመጠበቅ የቀለለችው እርሷ ናትና። አገሯ ቬኔዙዌላ፥ ጉያና፥ የትሪኒዳድም ደሴት ነው። ቪልሄልም ፔተርስ የሚባለው የጀርመን ሊቅ በ1859 ዓ.ም. ከቬኔዙዌላ በመጣ ዓሣ ላይ ጠባይዋን ጽፎ የሳይንስ ስም አወጣላት። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን የሚኖረው አልበርት ጊንተር የፔተርስን ሥራ ሳይመለከት፥ ከትሪኒዳድ ለላከለት ለሮበርት ጋፒ መታሰቢያ ብሎ በእርሱ ስም ጠራት። በሊቃውንት ደንብ የፊተኛው ስም ጸንቶ የኋለኛው ቢሻርም፥ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጋፒ ይላታል። ወንዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ሴቲቱ እስከ 6 ትደርሳለች። ያማረው ወንዱ ነው፤ ጅራቱ እንደ መጋረጃ ሰፍቶ፥ ቀይ፥ ሰማያዊ፥ ብጫና ጥቁር ነጠብጣብ ይጌጣል። ሴቲቱ ግን በተፈጥሮ ቀለሟ አመድማ ናት።

የወንዱ ውበት ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ጆን ኤንድለር የሚባል ሊቅ በትሪኒዳድ ወንዞች ባደረገውና በ1980 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፥ ትልልቅ በላተኛ ዓሣዎች ባሉበት ወንዝ የሚኖሩት ወንዶች ደብዛዛዎች ናቸው፤ ደማቁ ቶሎ ታይቶ ይበላልና። በላተኛ ከሌለበት ከፏፏቴ በላይ ያሉት ግን ደማቆች ናቸው፤ ሴቲቱ ደማቁን ትመርጣለችና። ኤንድለርም በላተኛ ካለበት ወንዝ ጋፒዎችን ወስዶ ከሌለበት ቢጨምራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ልጆቻቸው ደማቆች ሆነው ተገኙ። ይህች ዓሣ በአዲስ አገር እንዴት ቶሎ እንደምትለመድና እንደምትለወጥ ከዚህ ይታወቃል፤ ነገሩን ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

የመውለዷ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከወንዱ ሆድ በታች ያለው አንዱ ክንፉ ቀጥኖ እንደ ትንሽ በትር ይሆናል፤ በእርሱም ዘሩን ወደ ሴቲቱ ያስገባል። ዕንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ይጸንሳል፤ ጽንሱም ከዕንቁላሉ አስኳል እየተመገበ ያድጋል። ሴቲቱ በ4 ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ትወልዳለች፤ ውኃው ሲሞቅ ይፈጥናል፥ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። የመጀመሪያው ወሊድ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ20 እስከ 60 መውለድ የተለመደ ነው፤ ትልቅ እናት ከመቶም በላይ ልትወልድ ትችላለች። እዚህ ላይ ልብ ይባል፦ ሴቲቱ አንድ ጊዜ ከተቀበለችው ዘር ከፍላ በሆዷ ታኖረዋለችና፥ ወንድ ሳታይ ለብዙ ወራት ደጋግማ ትወልዳለች። ስለዚህ ከሻጭ ቤት ብቻዋን ተገዝታ የመጣች አንዲት ሴት ዓሣ ብቻዋን ናት ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ አጠባበቁ እንምጣ። ብዙ ሰው ክብ ጠርሙስ ገዝቶ፥ የቧንቧ ውኃ ሞልቶ፥ በዚያው ቀን አሥር ዓሣ ይጨምርበታል፤ በሳምንቱም አሥሩ ሞተው ይንሳፈፋሉ፤ ከዚያ በኋላ «ዓሣ በእጄ አይበረክትም» ይላል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ክቡ ጠርሙስ አፉ ጠባብ፥ ውኃው ጥቂት ነው። ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል፤ ለጀማሪ ይህ ይበቃል። ውኃው ብቻውን 63 ኪሎ ይመዝናልና፥ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጽኑ መሆን አለበት። ፀሐይ በቀጥታ በምታገኘው መስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ዓሣዎቹ ስለሚዘሉ ክዳን ያስፈልገዋል።

የቧንቧ ውኃ ተሐዋስያንን ለመግደል ክሎሪን ስለሚጨመርበት ዓሣንም ይጎዳል። በሰፊ ዕቃ ገልጦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማሳደር ክሎሪኑን ያበንነዋል። ዕቃው ግን የመዳብ ወይም በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ አይሁን፤ ሁለቱም ለዓሣ መርዝ ናቸው፤ ሳሙና የነካውም እንደዚሁ። የዝናም ውኃ ንጹሕ ነው ብለው ብቻውን የሚሞሉ አሉ፤ ነገር ግን ጋፒና ይልቁንም ሞሊ ኖራ ያለበት ጠንካራ ውኃ ይወዳሉና፥ የዝናም ውኃ ብቻውን አይስማማቸውም። ጥቂት የኖራ ድንጋይ በገንዳው ውስጥ ማኖር ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ የማይታወቀው ግን ውኃ የሚበስልበት ጊዜ ነው። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይህም እጅግ ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሊጥ ያለ እርሾ ፈጥኖ እንደማይቦካ ሁሉ፥ አዲስ ገንዳም እንዲሁ ነው፤ እርሾም የሚዋሱት ከጎረቤት ነውና፥ ጤነኛ ዓሣ ካለበት አሮጌ ገንዳ አንድ እፍኝ አሸዋ ወይም የማጣሪያ ስፖንጅ ቁራጭ ወስዶ በአዲሱ መጨመር ጊዜውን ያሳጥረዋል። ዓሣውንም በአንድ ጊዜ አለመሙላት፥ በመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ብቻ ማስገባት ነው። በየሳምንቱ ከውኃው አራተኛውን እጅ ቀድቶ በአደረ ውኃ መተካት ይገባል። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ይታጠብ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ክሎሪኑ ያን የስድስት ሳምንት ድካም በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል።

ለእኛ አገር የተለየ ነገር አለ፥ ይኸውም የምድራችን ከፍታ ነው። ጋፒ 23 እስከ 28 ሴንቲግራድ በሆነ ውኃ ደስ ይላታል። በደጋ ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ የቆመ ውኃ ከዚህ በብዙ ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ የማያስፈልገው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በደጋ ግድ ነው፤ ለያንዳንዱ ሊትር አንድ ዋት ኃይል ይበቃል ይባላል፥ ብርድ ለበዛበት ቤት ግን ከዚያ ይጨመራል። ሁለተኛውን ግን የፈረንጅ መጽሐፍ እምብዛም አያነሣውም፤ መጽሐፉ የሚጻፈው በባሕር ዳርቻ አገር ነውና። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን ያንሳል። 25 ሴንቲግራድ የሆነ ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ፥ እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለበት አገር ግን 6 ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ሩቡን አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ሃያ ዓሣ ይበቃዋል የተባለው ገንዳ በደጋ አሥራ አምስት ቢይዝ ይሻላል፤ አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተርም እንደ ጌጥ የሚቆጠር አይደለም። ዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ሲተነፍሱ ከታዩ አየር አንሷቸዋል።

መብራት የጠፋ እንደሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ምግብ መከልከል ነው፤ ዓሣ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላ ቢውል አይሞትም፥ ያልተበላ ምግብ ግን ይገድለዋል። ወባ ባለበት አገር ደግሞ የጤና ሠራተኞች ቤት ውስጥ መድኃኒት ሊረጩ ሲመጡ ገንዳው ከቤት ይውጣ፤ ይህ ካልተቻለ በሚገባ ተሸፍኖ የአየር መንፊያው ይጥፋ። ቢምቢውን ከሚገድሉት መድኃኒቶች ለዓሣ እጅግ ብርቱ መርዝ የሆኑ አሉ፤ መንፊያውም የቤቱን አየር ስቦ በውኃው ውስጥ ይነፋዋል።

ምግቡ ቀላል ነው። በሱቅ የሚሸጠውን ደረቅ ቅጠል መሳይ መኖ በቀን ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ በሚያልቀው መጠን መስጠት ነው። ጥቂት የተቀቀለ ጎመን ደቅቆ ቢሰጣቸው ይበላሉ። የቢምቢ ትልም ከተገኘ በደስታ ይሻሙበታል።

ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ማድረግ ይገባል። ወንዱ ቀኑን ሙሉ ሴት ያሳድዳልና፥ ወንዶች ከበዙ ሴቲቱ ዕረፍት አጥታ ትከሳለች። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቀርብ ሆዷ እንደ ሣጥን ማዕዘን ያወጣል፤ በሆዷ ግርጌ ያለውም ጥቁር ምልክት ይሰፋል። ልጆቹ እንደ ተወለዱ እናታቸውም ሌሎቹም ይበሏቸዋል፤ ይህን አይተው የሚያዝኑ ሕፃናት ካሉ አስቀድሞ መንገር መልካም ነው። ማዳኛው ገንዳውን ጥቅጥቅ ባለ የውኃ ተክል መሙላት ነው፤ ልጆቹ በቅጠሉ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ወንዱ ልጅ በሁለት ወር ገደማ፥ ሴቲቱም በሦስት ወር ገደማ ለመራባት ይደርሳሉ። ፕላቲንና ባለ ሰይፍ ጅራትን በአንድ ገንዳ የሚያኖር ሰው ሁለቱ እንደሚዳቀሉ ይወቅ። ከነዚህ ዲቃሎች አንዳንዶቹ በቆዳቸው ላይ ጥቁር ነቀርሳ ይወጣባቸዋል፤ ማይረን ጎርደን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅና ጓዶቹ ከ1920ዎቹ ዓመቶች ጀምረው ይህን መርምረው፥ ነቀርሳ ከወላጅ በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ለሕክምና ትምህርት ትልቅ ፋና ሆነ። ለቤት ጌጥ የሚፈልግ ግን ሁለቱን ቢለይ ይሻለዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። አንዲት ሴት በወር 30 ብትወልድ፥ በሦስት ወር ውስጥ 90 ልጆች ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ በአራተኛው ወር የፊተኞቹ ሴቶች ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። የ63 ሊትሩ ገንዳ ከዚያ በፊት ሞልቶ ያልቃል። ባለቤቱም ልጆቹን መግደል ይጨክንበታል፤ ለጎረቤት ይሰጣል፥ ጎረቤቱም ሞላብኝ ይላል፤ በመጨረሻ ቆርቆሮ ሞልቶ ወደ ወንዝ ይወርዳል፥ «ነፃ አወጣኋቸው» ብሎም ደስ ብሎት ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ይህ ነው።

ከገንዳ የወጣ ትንሽ ዓሣ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፥ በካናዳ የሆነውን ይስማ። በካናዳ ተራሮች ባንፍ በሚባለው ቦታ፥ ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር፥ ከምድር የሚፈልቅ ፍል ውኃ አለ። በዚያ ፍል ውኃ በሚወርድበት ረግረግ ውስጥ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር የማይገኝ አንድ ትንሽ የአገር ዓሣ ይኖር ነበር። በ1924 ዓ.ም. ቢምቢን ለማጥፋት ተብሎ የጋፒ ዘመድ የሆነችው፥ እርሷም በሕይወት የምትወልደው ጋምቡዚያ ተጨመረች። ኋላም በ1960ዎቹ ዓመቶች በቤት ዓሣ የሚጠብቁ ሰዎች ሞሊና ሌሎችን የሙቅ አገር ዓሣዎች ለቀቁበት። እነዚህ እንግዶች በፍል ውኃው ሙቀት ተመችቷቸው በዙ፤ ያ የአገሩ ዓሣ ግን በ1980ዎቹ ዓመቶች ፈጽሞ ጠፋ። የጠፋበት ምክንያት ብዙ ቢሆን እንኳ፥ የእንግዶቹ ዓሣዎች መግባት ከዋኖቹ አንዱ ተብሎ ተቈጥሯል። «የእኛ አገር ደጋ ነው፥ ብርዱ ይገድላቸዋል» የሚል ሹም ይህን ልብ ያድርግ፤ በሶደሬ፥ በወንዶ ገነት፥ በሌላውም ስፍራ የሚፈልቀው ፍል ውኃ ስንት ነው? የደጋውስ ወንዝ ወደ ቆላ አይደለምን የሚወርደው?

ጋምቡዚያ የተላከችው ወደ ካናዳ ብቻ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ከሰሜን አሜሪካ ወደ ስፔን፥ በማግሥቱ ዓመት ወደ ኢጣልያ፥ በ1925 ዓ.ም. ወደ አውስትራልያ ተወሰደች፤ በዚያን ዘመን ሁሉም ለወባ መድኃኒት ተገኘ ብለው ተደስተው ነበር። ዛሬ በአውስትራልያ እንደ ተባይ ትቈጠራለች፤ የአገሩን ዓሣዎች ክንፍ ትነክሳለች፥ የእንቁራሪትንም ዕንቁላልና ግልገል ትበላለች፥ ከወንዙ ሊያወጣት የቻለ ግን የለም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1982 ዓ.ም. ለወባ መከላከያ እንድትለቀቅ መምከሩን ተወ። ጋፒም ከአገሯ ውጭ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ውኃ ውስጥ ዘሯን አጽንታ ተገኝታለች። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚለው፥ በትሪኒዳድ በልዩ ልዩ ማጠራቀሚያ ውስጥ አንዳንድ ሴት ጋፒ ብቻዋን ብትጨመር፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚበዙት ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከርሷ የተወለደው ዘር በሕይወት ይኖር ነበር። ቀደም ብለን በሆዷ ዘር ታኖራለች ያልነው ይህን ያደርጋል። ከቆርቆሮው ውስጥ አንዲት ብቻ ብታመልጥ ትበቃለች ማለት ነው።

ስለ ወባ ጥቅሟም በሚገባ መመዘን ይገባል፤ የሰው ሕይወት ከዓሣ ሁሉ ይከብዳልና፥ ዓሣዋ በእውነት ወባን የምታጠፋ ብትሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የሚባለው ማኅበር በ2013 እና በ2017 ዓ.ም. ነገሩን መርምሮ፥ ዓሣ መልቀቅ በአንዳንድ ውኃ የቢምቢን ትል ሊያሳንስ ቢችልም፥ በወባ የሚታመመውን ሰው ቍጥር መቀነሱን የሚያሳይ አንድም ጥናት አላገኘም። ምክንያቱም ለገጠር ሰው የተሰወረ አይደለም። በአገራችን ወባን ከሁሉ ይልቅ የምታስተላልፈው ቢምቢ ትልቁን ወንዝና ሐይቅ አትሻም፤ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ፥ ጡብ በተቈፈረበት ጕድጓድ፥ ዝናም ሞልቶት በቀረ በከብት ኮቴ ውስጥ ትፈለፈላለች። በከብት ኮቴ ውስጥ ደግሞ ዓሣ አይኖርም። ኩሬውን መድፈን፥ ቦዩን ማቅናት፥ አጎበርና ርጭት ማዳረስ ዓሣ ከመልቀቅ ይሻላል፤ ይህም በወረዳው ሹም ሥልጣን ውስጥ ያለ ሥራ ነው።

አንድ የተለየ ጉዳይ ግን አለ። በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘች፥ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ወባ አስተላላፊ ቢምቢ፥ በከተማ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ገንዳ ውስጥ ትራባለች። ለእንደዚህ ያለው የተከለለ ማጠራቀሚያ የመጀመሪያው መድኃኒት ጥሩ ክዳን ነው። ዓሣ ማስገባት ግድ ከሆነ ግን፥ በአሰብ ወደብ ተደርጎ በ1992 ዓ.ም. የታተመውን ጥናት መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ በጕድጓዶች፥ በማጠራቀሚያዎችና በበርሜሎች የገባችው ዓሣ በዚያው በቀይ ባሕር ጠረፍ የምትገኝ የአገሩ ዓሣ ነበረች፤ እርሷም ዕንቁላል ጣይ ናት፤ የቢምቢውንም ትል በብዙ አሳንሳለች። እንግዳ ዓሣ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አላስፈለገም።

በአገራችን ስለሚጠፋው ነገር ለማሰብ ጣናን ማስታወስ ይበቃል። በጣና ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዓይነት ባርቦ ዓሣዎች አሉ፤ ግልገሎቻቸውም በጠረፉ ሣርና በወንዞቹ መግቢያ ያድጋሉ፤ እንደ ጋፒ ያለ ትንሽ እንግዳም በመጀመሪያ የሚሰፍረው በዚያው በጠረፉ ሣር ነው። እንግዳ ነገር ለውበቱ ሲባል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ የጎንደርና የጎጃም ሹማምንት ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እንቦጭ የሚሉት አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ላይ የተበተነው በሐምራዊ አበባው ማማር የተነሣ በሰው እጅ ነው። በኢትዮጵያ በ1965 ዓ.ም. በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ዓ.ም. ጣና ላይ መድረሱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በእጅም በመኪናም ሲታረም የፈሰሰውን ጉልበት የባሕሩ ዳርቻ ገበሬ ይመሰክራል። አረሙ እንኳ በውኃው ላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ዓሣዋ ግን ከውኃው በታች ናትና፥ መግባቷ የሚታወቀው ከበዛች በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመልቀቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሲቀርብ፥ ሹሙ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በክረምት ሞልቶ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ የሚፈስ ከሆነ ፈቃድ አይስጥ። ለቤቱ ጌጥ የሚጠብቀውን ሰው ግን መከልከል አያስፈልግም። መብዛታቸውን የሚፈራ ሰው ከመጀመሪያው ወንዶችን ብቻ ይግዛ፤ ውበቱ የወንዶቹ ነውና ምንም አይቀርበትም፥ አንድም አይወለድበትም። ሴት ከያዘ በኋላ ወንዱን መለየት ግን በዘገየ ጊዜ የሚደረግ ነገር ነው፤ ሴቲቱ በሆዷ ካኖረችው ዘር ለወራት ትወልዳለች። የተረፉትን ለሻጩ መመለስ፥ ወይም በሌላ ገንዳ ላሉ ትልልቅ ዓሣዎች መኖ ማድረግ ይቻላል፤ የታመመችውን ያለ ሥቃይ ለመግደል ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ውኃ ዕቃ ውስጥ ማብዛት ይጠቅማል፤ ከሞተችም በኋላ መቅበር ነው። በደጅ ያለ የሲሚንቶ ገንዳ በሐምሌና በነሐሴ ዝናም ሞልቶ ይፈሳልና፥ ዓሣዎቹ ከሰኔ በፊት ወደ ቤት ይግቡ። ገንዳው ሲታጠብ የሚወጣው ውኃና የውኃ ተክል ወደ ጎርፍ መውረጃ አይደፋ፤ ውኃው በአትክልት መደብ ላይ ይፍሰስ፥ ተክሉም በፀሐይ ይድረቅ። ውኃውም ከመደፋቱ በፊት ይጠለል፤ አዲስ የተወለደችው ግልገል 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናትና፥ ዐይኑ በሰፋ ወንፊት ታልፋለች፤ የሚይዛት ድርብ የነጠላ ጨርቅ ነው።